ደቢያን 12 በእህል መደብር፦ ሚዛኑና ማተሚያው ሲምታቱበት

ደሴ ፒያሳ ላይ ያገለገለ ኮምፒውተር የሸጠልኝ ነጋዴ «ዊንዶውስ ካልጫንክበት ሚዛንህን አያውቀውም» ብሎኝ ነበር። በዊንዶውስ ፈንታ ደቢያን 12 የተባለውን በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ስርዓተ ክወና አስጭኜበት ኮምቦልቻ መደብሬ ውስጥ ማገልገል ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ሚዛኑንስ ያውቀዋል። ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንድ ቀን ሚዛኑንና ማተሚያውን ያምታታቸዋል።

ሁለቱም የሚገናኙት በዩኤስቢ መቀየሪያ ገመድ ነው። ሊኑክስ መሣሪያን «ዴቭ» በሚባለው ማውጫ ውስጥ እንደ ፋይል ያስቀምጠዋል፤ ለእነዚህ ገመዶች ስም የሚሰጠው ግን በታዩበት ተራ ነው። ቀድሞ የታየው «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0»፣ ተከታዩ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 1» ይባላል። ማተሚያው የቀደመ ዕለት ክብደት የሚያነበው ፕሮግራም ከማተሚያው ቁጥር ይጠብቃል፤ ማሽላ ያመጣው ገበሬ ደግሞ ጆንያውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ እኔን ይጠብቃል። ደም ያፈላል!

መድኃኒቱ «ዩዴቭ» ነው፤ መሣሪያ ሲሰካ በተጻፈለት ደንብ መሠረት ስም የሚያወጣለት የሊኑክስ ክፍል። በአምራችና በምርት ቁጥር እንዳልለያቸው ሁለቱም ገመዶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የየራሳቸው መለያ ቁጥርም የላቸውም። ስለዚህ ደንቡን በተሰኩበት ቀዳዳ ላይ መሠረትኩት። በዚህኛው የገባ ሚዛን፣ በዚያኛው የገባ ማተሚያ የሚል ተጨማሪ ቋሚ ስም አገኘ። አሁን መብራት እንደ ልቡ ይሂድ ይምጣ።

ልቤን ያሸነፈው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዩዴቭን ጨምሮ መሠረታዊ ፓኬጆችን (የፕሮግራም ጥቅሎችን) ሳሻሽል መሃል ላይ መብራት ጠፋ። አበቃለት ብዬ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሣ «ዲፒኬጂ» የሚባለው የደቢያን ፓኬጅ ጫኝ የትኛው ፓኬጅ ተዘርግቶ ሳይዋቀር እንደቀረ መዝግቦ ይዟል፤ የቀረውን እንዲያዋቅር በአንድ ትእዛዝ ሳዝዘው ጨረሰው። ደንቤም አልተነካም፤ ፓኬጁ ይዟቸው የሚመጣው ደንቦች ሌላ ማውጫ ውስጥ ናቸው፣ ባለቤቱ የጻፈው ግን «ኢቲሲ» በሚባለው የማዋቀሪያ ፋይሎች ማውጫ ሥር ነው።

«ደንብ መጻፍ የነጋዴ ሥራ ነው?» ይለኝ ይሆናል ያ ሰው። ሁለት መስመር ነው፤ አንዴ ተጽፎ ያበቃል፤ ለፈቃድም ሳንቲም አልከፈልኩም። ነገ ሌላ ኮምፒውተር ብገዛ የምጭነው ይህንኑ ነው። እናንተ ግን መቀየሪያ ገመድ ስትገዙ ለእያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር እንዳለው ጠይቁ፤ ያኔ የትኛውም ቀዳዳ ላይ ብትሰኩት ደንቡ ያገኘዋል።