ጸጥ ያለ፣ ቦታ የማይፈጅና ኪስ የማይጎዳ የጌም ኮምፒውተር፦ የሦስት አማራጮች ንጽጽር

በአዲስ አበባ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ጌም ለመጫወት ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ከፍጥነቱ እኩል ስለ ድምፁና ስለሚይዘው ቦታ ማሰብ አለበት። መኝታውና ሳሎኑ አንድ በሆነበት፣ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ታናሽ እህት ከመጋረጃው ማዶ በምትተኛበት ቤት የፋንን ድምፅ የሚሸፍን ነገር የለም። የከተማችን አየር ቀዝቃዛ ስለሆነም በየቤቱ የሚያጉረመርም አየር ማቀዝቀዣ አይገኝም፤ ሌሊት በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው።

ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባሉት የኮምፒውተር ሱቆች አነስተኛ በጀት ይዞ ለሚመጣ ገዥ የሚቀርቡት አማራጮች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው በተለምዶ «ስሊም» የሚባለውን ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ አጭር ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል) መጨመር ነው። ሁለተኛው ከመጽሐፍ የማይበልጥ ሚኒ ፒሲ ነው። ሦስተኛው ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝቶ በትንሽ ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) ውስጥ ማስገጠም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የሚጻፍ የብር አኃዝ ነገ ገዥውን ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የማነጻጽረው በዋት፣ በድምፅና ወደፊት ለማሻሻል ባላቸው ምቹነት ነው።

ከሁሉም በፊት ዋትን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ያንን ሙቀት ከኬዙ ለማስወጣት ደግሞ ፋን መሽከርከር አለበት። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በግምት በ15 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ 10 ዴሲቤል መቀነስ ለጆሮ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ስለሚሰማ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቅርጻቸው ተመሳሳይ የሆኑ ፋኖች በእኩል ፍጥነት ሲሽከረከሩ ባለ 120 ሚሊሜትሩ ከባለ 80 ሚሊሜትሩ ከሦስት እጥፍ በላይ አየር ያንቀሳቅሳል። ከዚህ የምንረዳው ጸጥታ የሚገኘው ዋቱ አነስተኛ፣ ፋኑ ሰፊ ሲሆን መሆኑን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝም አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እዚህ የሚያሻግረው አየር ክብደቱ ያነሰ በመሆኑ፣ በዝቅተኛ ቦታ የተሠራ የሙቀትና የድምፅ ፍተሻ ለእኛ ከእውነታው ያማረ ሆኖ ሊታይ ይችላል። የሌሊታችን ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ይክሳል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ክፍል ግን ይህ ዕድል የለውም።

ያገለገለው የቢሮ ዴስክቶፕ ለሚከፈለው ገንዘብ ከፍተኛውን የጌም አቅም ይሰጣል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ሲመረጥ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ያላነሰ መሆን አለበት፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሲሆን ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። አንድ ሻጭ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ቢል በቂ መልስ አይደለም። አይ5-7500 አራት ኮር (የስሌት ክፍል) ሲኖረው አይ5-8500 ስድስት አለው፤ ሁለቱም ግን የሚጠሩት «ኮር አይ ፋይቭ» ተብለው ነው።

የእነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) አነስተኛ ነው፤ ኦፕቲፕሌክስ 7060 ስሊሙ ለምሳሌ 200 ዋት ብቻ አለው። ስለዚህ የሚገጠመው ካርድ ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) በሚያገኘው እስከ 75 ዋት ብቻ የሚሠራ፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ መሆን አለበት። ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲሆን 75 ዋት ይወስዳል፤ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ በ70 ዋት ይሠራል፣ ፍጥነቱም የተሻለ በመሆኑ ከተገኘ የእኔ ምርጫ እርሱ ነው። አርኤክስ 6400 በ53 ዋቱ ለጸጥታ የሚስብ ቢሆንም ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ፒሲአይኢ 3.0 (የካርድ ማገናኛው የቀድሞ፣ ቀርፋፋ ትውልድ) ባላቸው የ8ኛ ትውልድ ማሽኖች ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ካርዱ አጭር መሆኑ ብቻም አይበቃም። በአንዳንድ ስሊሞች ረጅሙ ስሎት (ካርድ የሚሰካበት ቦታ) ከፓወር ሰፕላዩ ጎን ስለሚገኝ የሁለት ስሎት ውፍረት ያለው ካርድ አይገባም፤ ካርዱን ከመግዛት በፊት ኬዙን አስከፍቶ በማስመሪያ መለካት ያስፈልጋል።

የዚህ አማራጭ ደካማ ጎን ድምፁ ነው። እኔ ከገዛሁት አንዱ በመጀመሪያው ማታ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ጮኸ። በማግስቱ ጎኑን ፈትቼ ሳየው፣ በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል አቧራው ተደራርቦ እንደ ግራጫ ብርድ ልብስ በጣት የሚነሳ ሆኖ ነበር። በአዲስ የቀለም ብሩሽ ጠረግሁት፣ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀውን የድሮ ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያሻግር ቅባት) በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ የሚያጓራውን ሃርድ ዲስክም አውጥቼ የሚሽከረከር ነገር በሌለው ኤስኤስዲ ተካሁት። ያን ማታ እህቴ ሳትነቃ ሁለት ጨዋታ የኤፍሲ (የእግር ኳስ ጌም) ውድድር ጨረስኩ። ጌም ሲከብድ የትንሹ ካርድ ፋን አሁንም ይሰማል፤ ይህን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም።

ስለ ሚኒ ፒሲ አጠር አድርጌ እናገራለሁ። ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ የማይታይ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ያምራል፤ ራዴዮን 780ኤም ግራፊክስ ያለው፣ ለምሳሌ በራይዘን 7 7840ኤችኤስ የሚሠራው፣ አቅሙ ወደ ጂቲኤክስ 1650 ይጠጋል። ነገር ግን ትንሽ መሆን ጸጥ ማለት አይደለም። ያንን ሁሉ ሙቀት የሚያስወጣው የላፕቶፕ ዓይነት ትንሽ ፋን በመሆኑ ጌም ሲጀመር ቀጭንና የሚወጋ ድምፅ ያሰማል። ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ አካል ስለሆነም ነገ ካርድ ብቻ ለይቶ መለወጥ አይቻልም፤ ቦርዱ ከተበላሸ ደግሞ መለዋወጫውን እዚህ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቦታው በጣም ለጠበበ ሰው የሚሆን ነው።

ጸጥታን ለሚያስቀድም ገዥ የምመክረው ማስገጠሙን ነው። ራይዘን 5 5600ጂ በውስጡ ግራፊክስ ያለው ባለ 65 ዋት ፕሮሰሰር ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ካርድ አያስፈልገውም፤ ዶታ 2ን የመሳሰሉ ቀለል ያሉ ጌሞችን ያጫውታል፣ ከጂቲኤክስ 1650 ግን በግልጽ ያንሳል። ገንዘብ ሲገኝ ካርድ ይጨመርበታል። አቅም ያለው ሰው ራይዘን 5 8600ጂን ቢመርጥ የተሻለ ግራፊክስ ያገኛል፤ የራይዘን አምራች ኤኤምዲም የዚህን ሶኬት (የፕሮሰሰሩ መሰኪያ)፣ የኤኤም5ን፣ ድጋፍ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. እና ከዚያም በኋላ እንደሚቀጥል ስላስታወቀ ፕሮሰሰሩን ወደፊት መለወጥ ይቻላል። በዚህ ምርጫ ግን ዲዲአር5 የተባለው ዓይነት ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደር) ግዴታ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል።

በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በራሙ ነው። ግራፊክሱ የሚጠቀመው የኮምፒውተሩን ራም በመሆኑ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት መረጃው የሚተላለፍበትን መንገድ እጥፍ ያሰፋዋል፣ ጌሙም በግልጽ ይፈጥናል። ማዘርቦርዱን በተመለከተ 17 በ17 ሴንቲሜትር የሆነው ሚኒ አይቲኤክስ ያምራል እንጂ ውድ ነው፤ 24.4 በ24.4 የሆነው ማይክሮ ኤቲኤክስ በቀላሉ ይገኛል፣ ለጠረጴዛ ሥርም አይበዛም። በጥቂት ሴንቲሜትር ልዩነት የተረፈውን ገንዘብ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ማቀዝቀዣ ላይ ማዋል ጆሮን ያሳርፋል። ከመግዛት በፊት የማቀዝቀዣው ቁመት በኬዙ ውስጥ መግባቱን ማረጋገጥ ግን የግድ ነው።

ከሦስቱ የትኛውም ቢገዛ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ጸጥታ አለ። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ከሆነ (በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ማለት ነው) የጌሙን ፍሬም፣ ማለትም የሚሠራቸውን ምስሎች፣ በሰከንድ 60 ላይ መገደብ ነው፤ ስክሪኑ ሊያሳየው የማይችለውን ምስል ለመሥራት ካርዱ አይደክምም፣ ዋቱ ይወርዳል፣ ፋኑም ይረጋጋል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለሚፈጠረው ችግር ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ይያዝ። በላዩ ላይ የተጻፈው 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት እንዳልሆነ፣ ዋቱ ከዚያ እንደሚያንስ ማወቅ ይገባል፤ ለእነዚህ ትናንሽ ማሽኖች ግን ጌሙን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት የሚሆን ጊዜ ይሰጣል። ኮምፒውተሩን በቡፌ ውስጥ ከትቶ በሩን መዝጋት ደግሞ የተደከመበትን ጸጥታ ሁሉ ያበላሻል። ያስወጣውን ሙቅ አየር መልሶ ስለሚስብ ፋኑ በደቂቃዎች ውስጥ መጮህ ይጀምራልና፣ ከቡፌው በላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ይቀመጥ።