ሲዲ የለም፣ ፍላሽም አይሰጥም፦ የአዲስ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነገር

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዳችሁ በራሳችሁ እጅ የምትሠሩት የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። ሱቅ ላይ «እኛ እንጭንልሻለን» የሚሉት አገልግሎት ደግሞ 1 ተኩል። ግማሿ ለሻጩ ልጅ ትሕትና ናት።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የትናንሽ ነጋዴዎችን መዝገብ ነው የምይዘው። ላፕቶፔ ውስጥ የሰው ገቢ፣ የሰው ዕዳ፣ የሰው የግብር ሰነድ አለ። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ማን ምን እንደጫነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቅብጠት አይደለም።

ላፕቶፑን የገዛሁት መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም። ሂሳቡን ከፍዬ ስቀርብ ካርቶኑ ተከፍቶ፣ ማሽኑ በርቶ ጠበቀኝ።

«ማን ክፈት አለህ?»

«ዊንዶውስ ጭነንልሽ ነው እናት። ኦፊስም አለው፣ ፎቶሾፕም አለው።»

ፎቶሾፕ ለእኔ ምን ይሠራልኛል? እሱን ተውኩትና «የመጫኛ ሲዲውስ?» አልኩት።

«ሲዲ?» ሳቀ። «ሲዲ ድሮ ቀረ እኮ እናት። ማስገቢያውም የለውም።»

«እሺ ፍላሹን ስጠኛ።»

«ፍላሹማ የሱቁ ነው። ችግር ከመጣ ብቅ በይ። በ500 ብር ፎርማት አድርገን ወዲያው እንሰጥሻለን።»

ስለ ሲዲው አልዋሸም። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ነገሩ ሁሉ አንድ ሲዲ ላይ ይገባ ነበር። በማርከር «ኤክስፒ» ተብሎ የተጻፈበት ኮፒ ሲዲ የማይገኝበት የቢሮ መሳቢያ አልነበረም። የዛሬው ዊንዶውስ 11 መጫኛ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ነው። አይገባም። አምራቾቹም ሲዲ መስጠት ትተው የመጫኛውን ቅጂ እዚያው ዲስኩ ላይ፣ በተደበቀ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ከጀመሩ ቆዩ። የዊንዶውሱ የፈቃድ ቁልፍም (ረጅሙ የፊደልና የቁጥር ድርድር) ድሮ ከላፕቶፑ ሆድ ሥር በወረቀት ይለጠፍ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ትክክለኛው መጫኛ ራሱ ያነበዋል። እናንተ ምንም ቁጥር አትጽፉም።

የዋሸኝ እዚህ ላይ ነው፤ ወይም ዝም ያለኝ። ይህ ላፕቶፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ዊንዶውሱንም ፈቃዱንም ይዞ ነው። ገንዘቤ ውስጥ የእሱም ዋጋ አለ። ሱቁ ግን የመጣበትን ደምስሶ የራሱን ጭኖበታል። የተደበቀው ክፍልም አብሮ ሄዷል። ክፋት ይሆናል ብዬ አላስብም። አንዳንዱ ላፕቶፕ ያለ ዊንዶውስ ስለሚመጣ ሁሉንም በአንድ ፍላሽ መጫን ለምደውታል።

እንዴት አወቅሽ ለሚለኝ፦ ስታርት ላይ ሲ-ኤም-ዲ ብላችሁ ጥቁሯን መስኮት ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ-ኤል-ኤም-ጂ-አር፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ስላሽ እና ዲ-ኤል-ቪ ብላችሁ ጻፉ። በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ኦ-ኢ-ኤም የሚል ካያችሁ ፈቃዱ ከላፕቶፑ ጋር የመጣ ነው። ቮልዩም እና ኬ-ኤም-ኤስ የሚል ካያችሁ ደግሞ ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሚሸጠው ዓይነት ነው። ይህኛው በ180 ቀን ውስጥ ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ካልታደሰ ያበቃል። እኔ ሰርቨር የለኝም። ታዲያ ማን ነው የሚያድሰው? ከጀርባ ሰርቨር መስሎ የተቀመጠ ክራክ፣ ማለትም ያልተገዛውን ፈቃድ የተገዛ የሚያስመስል ፕሮግራም። ጸረ ቫይረሱም አንድ ፎልደር ላይ «እዚህ አትግባ» ተብሏል። የደንበኞቼን ሰነድ እዚያ ላይ ላስቀምጥ?

ስለዚህ ወደ ፍላሹ።

የሚያስፈልገው ሌላ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ እና ደህና ኢንተርኔት ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የሠርግ ፎቶ ያለበትን አትስጡት። የማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ላይ ዊንዶውስ 11 ማውረጃ የሚለው ውስጥ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ነፃ ነው። ከፍታችሁ ቋንቋ ትመርጣላችሁ፣ ፍላሹን ታሳዩታላችሁ፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሳል። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛን አትፈልጉ፣ የለም። በእንግሊዝኛ ጫኑና አማርኛውን ኋላ ከሴቲንግ ትጨምራላችሁ።

በሞባይል ዳታ አትሞክሩት፤ ፓኬጃችሁን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። እኔ ቢሮ ያለውን ዋይፋይ ከሥራ ሰዓት በኋላ ተጠቀምኩ።

«ለምን ፋይሉን ዝም ብዬ ፍላሹ ላይ ኮፒ አላደርገውም?» የሚል ሰው አለ። ላፕቶፑ ሲነሣ ያለ ችግር የሚያነበው ፍላሽ ፋት32 በሚባለው አሠራር የተሰናዳውን ነው። እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ከመጫኛው ፋይሎች አንዱ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። የማይክሮሶፍቱ ፕሮግራም ፋይሉን አጥብቆ ጨምቆ ያስገባዋል። ሥራው እሱ ነው።

ማስነሣቱ ቀላል ነው። ፍላሹን ሰክታችሁ፣ ላፕቶፑ ሲበራ ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 ደጋግማችሁ ትጫናላችሁ።

አሁን አንዷ ኮከብ የት እንደሄደች ልንገራችሁ። የት ልጫን ብሎ ሲጠይቅ ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዲስክ የለም ይላል። አትደንግጡ፣ ዲስኩ አልተቃጠለም። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ቪኤምዲ የሚባል አሠራር አላቸው። ኤስኤስዲው፣ ማለትም ዲስኩ፣ ከእሱ ኋላ ስለሚቀመጥ የዊንዶውሱ መጫኛ ያለ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከላፕቶፑ ክፍሎች ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ፕሮግራም) ላያየው ይችላል። መድኃኒቱ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ፣ በሞዴሉ ስም ገብታችሁ፣ ራፒድ ስቶሬጅ የሚባለውን ድራይቨር ማውረድ ነው። የታመቀውን ፋይል ፈትታችሁ እዚያው ፍላሽ ላይ በፎልደር አስቀምጡት። ከዚያ መጫኛው ላይ ሎድ ድራይቨር የሚለውን ተጭናችሁ ታሳዩታላችሁ። ዲስኩ ብቅ ይላል። ይህን አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም። ልጆቹ ሱቅ ውስጥ «ዲስኩ ችግር አለበት» የሚሉት አንዳንዱ ላፕቶፕ ይኸው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሁለተኛው ዋይፋይ ነው። ዊንዶውስ 11 ሆም ሲጫን ኢንተርኔት ካላገኘ አላሳልፍም ይላል፤ የማይክሮሶፍት አካውንትም ይጠይቃል። የዋይፋይ ድራይቨሩ ከሌለ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። ዶሮ ወይስ እንቁላል! የአንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው ስልኩን በኬብል ሰክቶ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን፣ የስልኩን ኢንተርኔት በኬብል የሚያጋራውን፣ ያብራ። ዊንዶውስ ስልኩን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ድራይቨር ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የቀረውን ድራይቨር ራሱ ከዊንዶውስ አፕዴት ይለቃቅማል።

ይህን ሁሉ ለማይፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለ፣ እኔም ለደንበኞቼ እሱን ነው የምመክረው። ሌኖቮ፣ ዴል እና ኤችፒ የራሳቸው የመመለሻ ፍላሽ መሥሪያ አላቸው። ሌኖቮ የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር፣ ዴል ሰርቪስ ታግ የሚለውን፣ ኤችፒ ደግሞ የምርቱን ቁጥር ይጠይቃል። ሁሉም ከሆዱ ሥር ተጽፏል። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለውን ዊንዶውስ ከነድራይቨሩ ይሰጣችኋል። ለሁሉም ሞዴል ላይኖር ይችላል። ማውረዱም ከማይክሮሶፍቱ ይረዝማል። 32 ጊጋባይት ፍላሽ ያዙ።

ልጁ «10 ይሻልሻል፣ ፈጣን ነው» ብሎኝም ነበር። ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ጥገናው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አዲስ ማሽን ላይ ምን ሊሠራ?

ከክራክም ከፈቃድም መገላገል ለሚፈልግ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን፣ ኡቡንቱ የሚባል ነፃ ሥርዓት አለ። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። ፖስታ ቤት ሄዶ የሶፍትዌር ሲዲ መቀበል! ዛሬ እሱም ከድረ ገጹ በፍላሽ ነው። ለእኔ አይሆንም፤ መዝገብ የምይዝበት የሒሳብ ፕሮግራም፣ ፒችትሪ፣ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። በነገራችን ላይ የፒችትሪዬ መጫኛ አሁንም ሲዲ ነው። ለእሱ ስል በዩኤስቢ የሚሰካ የሲዲ ማጫወቻ ገዝቻለሁ።

ተጭኖ ካለቀ በኋላ ሁለት ነገር አትርሱ። ዊንዶውስ 11 ከ24ኤች2 ከሚባለው እትም ወዲህ በአዲስ ሲጫን ዲስኩን ራሱ ሊቆልፈው ይችላል። የመክፈቻው 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ የሚቀመጠው የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ነው። ወረቀት ላይ ገልብጡት፤ አካውንቱን ሱቅ ያለ ልጅ በራሱ ኢሜይል እንዲከፍትላችሁም አትፍቀዱ። ሌላው ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ነው። የድሮ የአማርኛ ሰነዶቻችሁ መልካቸው ከተቀየረ ፎንቱ የለም ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሩ፣ ይመለሳል።

ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፕ ስትገዛ አብሬያት ሄድኩ። ሌላ ሱቅ ነው። ገና ዋጋ ሳንነጋገር «ካርቶኑ እንዳይከፈት፣ ምንም እንዳትጭኑበት» አልን። ሻጩ ትንሽ ቅር አለው። «ኦፊስስ? ያለ ኦፊስ ምን ታደርጉበታላችሁ?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኦፊስ ነገር ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ በሌላ ቀን እመለስበታለሁ።