የአይፒሲሲ ኢንተራክቲቭ አትላስ ለድሬዳዋ ሥራ ምን ያህል ይበቃል?

የደቻቱን ወንዝ መከላከያ ግንብ ወይም የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚነድፍ መሐንዲስ አትላሱን ሲከፍት የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2050 አካባቢ ዝናቡ በስንት በመቶ ይጨምራል? አትላሱ ግን የብዙ የአየር ንብረት ሞዴሎችን መልስ ከነልዩነቱ ይዘረጋል። ትልቁ ብርታቱ ይኸው ነው።

አትላሱ የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው የመንግሥታት ፓነል (አይፒሲሲ) እ.ኤ.አ. በ2021 ከስድስተኛው የግምገማ ሪፖርቱ ጋር በኢንተርኔት ያወጣው ነፃ የካርታ አገልግሎት ነው። ካርታው ስለሚከብድ ከስልክ ይልቅ በኮምፒውተር ቢከፈት ይሻላል።

ከመረጃ ስብስቦቹ ሲሚፕ 6ን (CMIP6፣ የዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ሞዴሎች ስብስብ)፣ ከዚያ ዝናብን፣ ቀጥሎ ወቅቱን ይምረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወቅቱ ላይ ነው። "ዓመታዊ" የሚለውን እንዳለ ከተዉት በልግና ክረምት ይደባለቁና የአንዱ ለውጥ የሌላውን ይሸፍነዋል። ለበልግ ከማርች እስከ ሜይ ያለውን ይውሰዱ። የመነሻ ዘመኑንም ያስተውሉ፤ ከ1850–1900 ጋር የተነጻጸረ ሙቀትና ከ1995–2014 ጋር የተነጻጸረ ሙቀት ጎን ለጎን አይቀመጡም።

ካርታው ላይ ሰያፍ መስመር ካዩ፣ በለውጡ አቅጣጫ የተስማሙት ሞዴሎች ከ80 በመቶ በታች ናቸው ማለት ነው። ከመስመሩ ሥር ያለውን ቀለም ብቻ አይቶ "ዝናብ ይጨምራል" ብሎ ሪፖርት መጻፍ ስህተት ነው። በበልግ ላይ ደግሞ ሞዴሎቹ ቢስማሙም ጥንቃቄ ያሻል። ለምሥራቅ አፍሪካ የማርች–ሜይ ዝናብ ብዙዎቹ ጭማሪ ሲያሳዩ፣ ካለፈው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ለዓመታት የተመዘገበው ግን መቀነስ ነበር። ባለሙያዎች "የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ" የሚሉት ይህን ነው።

የልቀት ሴናሪዮ (ወደፊት ምን ያህል የሙቀት አማቂ ጋዝ ይለቀቃል የሚለው ግምት) ምርጫ የሚያከራክረውን ያህል ሁልጊዜ አይወስንም። ለ2021–2040 ሴናሪዮዎቹ ብዙም አይራራቁም፤ ልዩነቱን የሚያሰፉት የአየሩ የተፈጥሮ መዋዠቅና የሞዴሎቹ አለመመሳሰል ናቸው። ለ2081–2100 ሙቀት ግን ሴናሪዮው ዋናው ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ከሲሚፕ 6 ሞዴሎች አንዳንዶቹ ከሚገባው በላይ ይሞቃሉ፣ አትላሱም ለሁሉም እኩል ክብደት ይሰጣል። ስለዚህ ከዓመተ ምሕረት ይልቅ የዓለም አማካይ ሙቀት የጨመረበትን ደረጃ፣ ለምሳሌ 2 ዲግሪን፣ መርጦ መሥራት ይመረጣል።

ትልቁ ድክመት የካርታው ዓይን ስፋት ነው። አንዱ የሲሚፕ 6 ሳጥን 1 ዲግሪ፣ ማለትም በየጎኑ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የደንገጎን አቀበት ወጥተው ሐሮማያ ሲደርሱ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ስፋት ቆላውና ደጋው ተጨፍልቀው በአማካይ ከፍታ ይታያሉ፤ ስለዚህ ከ35 ዲግሪ በላይ የሚሞቁት ቀናት ለከተማዋ አንሰው ሊወጡ ይችላሉ። ለእነዚህ ቀናት የሞዴሎቹ ስህተት የታረመበት (bias adjusted) አማራጭ ስላለ እሱን ይጠቀሙ፤ ቢሆንም የሳጥኑን ስፋት አያጠብም።

ለጎርፍ ነገሩ ይብሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው የደቻቱ ጎርፍ ከላይ ከደጋው በሌሊት የወረደ ደራሽ ነው። እንዲህ ያለውን የጥቂት ሰዓት ዶፍ እነዚህ ሞዴሎች ደመና በደመና አያሰሉትም፤ በሳጥኑ ሁሉ አማካይ ያደርጉታል። ስለዚህ "የአንድ ቀን ከፍተኛ ዝናብ" የሚለውን በሚሊ ሜትር ቀድቶ ስሌት ውስጥ መክተት ቦዩን ያጠበዋል። የሚወሰደው የለውጡ መቶኛ ብቻ ነው፤ እሱን በከተማው ጣቢያ በተመዘገበው የዝናብ መጠን ላይ ያባዙ። ለማመሳከሪያ፣ አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ስሌቱን ሦስት ጊዜ ይሥሩ፦ በ10ኛው፣ በመካከለኛውና በ90ኛው ፐርሰንታይል (ከሞዴሎቹ መልስ 10፣ 50 እና 90 በመቶው ከሥሩ በሚሆኑባቸው ቁጥሮች)። የቦዩ ስፋት በሦስቱም ካልተለወጠ የሞዴሎቹ ክርክር ለዚያ ቦይ አያሳስብም። ከተለወጠ ግን ሰው በሚኖርበት ዳርቻ 90ኛውን ይያዙ፤ ሜዳ ላይ ለሚያልፈው መካከለኛው ይበቃል።