ኤኒያግራም ወይስ ኤምቢቲአይ?

ሁለቱም ሰውን በባሕርዩ በዓይነት የሚከፍሉ የስብዕና መለኪያዎች ናቸው። ኤምቢቲአይ 16 ዓይነት አለው፤ ኤኒያግራም 9። የመጀመሪያውን የሠሩት ከስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ሐሳብ የተነሱት አሜሪካውያኑ እናትና ልጅ፣ ካትሪን ብሪግስና ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ ናቸው። የዛሬውን ኤኒያግራም ደግሞ ቦሊቪያዊው ኦስካር ኢቻዞና ቺሊያዊው የአእምሮ ሐኪም ክላውዲዮ ናራንሆ ቅርጽ አስያዙት።

ኤምቢቲአይ እንዴት እንደምታስብና እንደምትወስን ይጠይቃል። ኤኒያግራም ግን «ለምን?» ይላል። ሁለት እህትማማቾች እንግዳ ሲመጣ ጉድ ጉድ ይላሉ እንበል። አንደኛዋ በኤኒያግራም ቁጥር 2 ናት፤ መወደድ ትፈልጋለች። ሌላዋ ቁጥር 1 ናት፤ እንከን እንዳይገኝ ትጨነቃለች። ቡናው አንድ፣ ምክንያቱ ለየቅል። ቁጥር 9 ደግሞ «እንደፈለጋችሁ» ሲል ተስማምቷል ማለት አይደለም። ጠብ እየሸሸ ሊሆን ይችላል። (ይህችን ከራሴ አውቃታለሁ።)

በሳይንሳዊ ማስረጃ በኩል ሁለቱም ደከም ይላሉ። ኤምቢቲአይን ድጋሚ ሲፈተኑ ዓይነታቸው የሚቀየርባቸው ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ሠራተኛ ለመቅጠር አንዱንም አልጠቀምም። ከቤተሰብ ጋር ለመግባባት ግን ኤኒያግራም ይሻለኛል። ብቻ በጭቅጭቅ መሃል «አንተ እኮ 8 ነህ» አይባልም፤ ቁጥሩን ባለቤቱ ራሱ ይፈልገው።