ካሜራችሁን «በኮሚሽን እንሸጥላችኋለን» ለሚል ሱቅ ከማስረከባችሁ በፊት

ቤታችሁ ውስጥ አቧራ የሚጠጣ ካሜራ፣ ኪቦርድ ወይም ብስክሌት ካለ፣ ሥራ በዝቶባችሁም «ብቻ ከቤት ይውጣልኝ» ብላችሁ ልትሸጡት ካሰባችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ብትወስኑ ደግ ነው። እዚሁ ሐዋሳ ያገለገለ ዕቃ ተቀብሎ በኮሚሽን የሚሸጥ ሱቅ ንብረቴን ከወሰደ በኋላ ያደረገውን ነው የምጽፈው። ጉዳዩ አቤቱታ ላይ ስለሆነ የሱቁን ስም አልጠራም።

ዕቃዎቹ ኒኮን ዲ7200 ካሜራ፣ ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ፣ ትራይፖድና ባይኖኩላር ናቸው። ድሮ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርጄ፣ አጥማጆቹ የጣሉትን የዓሣ አንጀት ሲሻሙ የሚጋፉትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ፎቶ ማንሳት እወድ ነበር። ሥራና ልጆች ሲደራረቡ ነገሩ ቀረ፤ ቁም ሣጥኑ ግን እንደተያዘ ነው።

ሱቁ የሚያቀርበው ውል ላዩን ሲያዩት ምንም የለበትም። ዕቃውን ይረከባሉ፣ ያስተዋውቃሉ፣ ሲሸጥ 10 በመቶ ይቆርጣሉ። ወጥመዱ ያለው ከዚያ በታች ባሉት ሁለት መስመሮች ላይ ነው። አንደኛው «ዕቃው በወቅቱ የገበያ ዋጋ ይሸጣል» ይላል፤ ከስንት ብር በታች እንደማይሸጥ ግን አይናገርም። ባለሱቁ ለገዛ ወንድሙ በሩብ ዋጋ ቢሸጠው እንኳ ውሉን አፈረሰ ብሎ መሟገት ያስቸግራል። ሁለተኛው በ30 ቀን ውስጥ ያልተሸጠ ዕቃ በየቀኑ የማቆያ ሒሳብ እንደሚታሰብበት ይገልጻል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቧቸው ሥራው ይገባችኋል። ሱቁ ለመሸጥ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ዕዳው የእናንተ ነው፤ በመጨረሻም «ይህን ሁሉ ከምትከፍል እኔው ልውሰድልህ» ይባላል። ጊዜ የሌለው ሰው ደግሞ እሺ ይላል። የሚጠብቁትም ይህንኑ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገን ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ያየዋል። ስለዚህ ከፈረሙ በኋላ «እንዲህ መስሎኝ ነበር» ማለት ብዙ አያራምድም። እኔ ከመፈረሜ በፊት የማቆያ ክፍያውን አሰረዝኩ፤ ዝቅተኛውን ዋጋና የእያንዳንዱን ዕቃ መለያ ቁጥር አስጻፍኩ። ባለሱቁ ፊቱን አጥቁሮ ነው የፈረመው።

ዋጋ ሲተምኑ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁት «በስንት ገዛኸው?» ብለው ነው። አትመልሱ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። አዲስ ካሜራ የሚገባው በዶላር ስለሆነ ያገለገለውም ተከትሎት ይወደዳል። «በ40 ሺህ ገዝተህ በ35 ሺህ ብትሸጥ ምን ጎደለብህ?» የሚለው ሒሳብ የሚጠቅመው ጠያቂውን ብቻ ነው።

ያ ካልሠራ «ሻተሩ አልቋል» ይመጣል። ሻተር ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው የካሜራው መጋረጃ ነው። የዚህ ካሜራ ሻተር 150 ሺህ ጊዜ እንዲሠራ ታስቦ የተፈተነ ነው፤ እስካሁን ስንት ጊዜ እንደሠራም ካሜራው በሚያነሳው የፎቶ ፋይል ውስጥ ይመዘግባል። ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ የሚያነቡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። አትሜ ሰጠኋቸው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሻተር ያነሳ የለም።

የከፋው የመጣው ገዢ ጠፍቶ ዕቃዬን መልሱልኝ ያልኩ ቀን ነው። ካሜራው የራሴ ነው። ሌንሱ ግን ዓይነቱ አንድ ይሁን እንጂ የእኔ አይደለም። የስልኬን መብራት ከኋላው አብርቼ ከፊት ሳየው፣ ከመስታወቱ ጠርዝ ወደ መሐል የተዘረጋ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር አለበት። ሻጋታ ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ውስጥ ይበቅላል፤ ሲቆይ የመስታወቱን ሽፋን ስለሚበላ ቢጠረግም ጠባሳው አይለቅም። እኔ ሌንሴን አየር በማያስገባ ሣጥን ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን በሚወጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ከብቤ ነበር የማኖረው። (ባለቤቴ «ጫማ የሚገዛው ለከረጢቱ ነው» ትለኛለች።)

ሻጩ ልጅ «ሲመጣም እንዲህ ነበር» አለ። ውሉን አውጥቼ ቁጥሩን ሌንሱ ላይ ካለው ጋር ሳስተያየው አይገናኝም። ባለሱቁ ተጠራ፣ ሻይ ታዘዘ፣ «ከሌላ ደንበኛ ዕቃ ጋር ተቀያይሮ ይሆናል» ተባለ። የእኔው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሳመለክት ያያዝኩት ያንኑ ውልና ዕቃዎቹን ከማስረከቤ በፊት ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ነው። ደረሰኝ አልሰጡኝም ነበር፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ነጋዴ ለሚሰጠው አገልግሎት ደረሰኝ እንዲሰጥ ስለሚያስገድድ፣ ይህንንም አቤቱታው ላይ አስገብቼዋለሁ።

ትራይፖዱንና ባይኖኩላሩን ራሴ ሸጥኳቸው። አድካሚ ነው፤ ግማሹ ደዋይ ዋጋ ጠይቆ ይጠፋል። በቀጥታ ስትሸጡ ገዢው በራሱ ስልክ የሚያሳያችሁን «ተልኳል» የሚል መልእክት አትመኑ። በቴሌብር ከሆነ በ*127#፣ በንግድ ባንክ ከሆነ በ*889# የራሳችሁን ሒሳብ ሳታዩ ዕቃው ከእጃችሁ አይውጣ። ሚሞሪ ካርዱን አብራችሁ አትሽጡ፤ ፎርማት የተደረገ ካርድ ላይ የነበረ የቤተሰብ ፎቶ በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ይወጣል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የትኩረት ቀለበቱ ጎን ላይ አጭር ጭረት ያለበት፣ የኋላ ክዳኑ ውስጥ በነጭ ቀለም ትንሽ መስቀል የተደረገበት ከ70 እስከ 300 የኒኮን ሌንስ እዚህ ሐዋሳ ለሽያጭ ካያችሁ፣ አትግዙት፤ ለእኔ ጻፉልኝ።