የሌላ አገር ሰማይ በፒያሳ መደርደሪያ፦ ስለ ጎንደር ያገለገሉ የሥነ ፈለክ መጻሕፍት

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ከምስጋናዬ ጋር አንድ ሁለት ቅሬታም ስለማነሣ ስሟን አልጠቅስም። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ በሱቋ በስተግራ በኩል የሥነ ፈለክና የጠፈር ጉዞ መጻሕፍት የተደረደሩበትን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች አገላብጬዋለሁ፤ አምስት መጻሕፍትም ገዝቻለሁ። ያገለገለ መጽሐፍ ዛሬ ቢታይ ነገ ተሽጦ ስለሚገኝ ርእሶቹን መዘርዘር ለአንባቢ ብዙም አይረባውም፤ ከዚያ ይልቅ ምን ዓይነቱ መጽሐፍ ለማን እንደሚሆን፣ ምን ዓይነቱ ደግሞ ገንዘብ ማባከን እንደሆነ መናገር ይሻላል።

በመጀመሪያ የገዛሁት ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የሰማይ መመሪያ ነው። ከሽፋኑ በስተጀርባ ሁለት ክብ ካርቶኖች መሐላቸው ላይ ተያይዘው የሚሽከረከሩበት የከዋክብት ሰሌዳ አለው፤ ቀኑንና ሰዓቱን አገጣጥመው ሲያዞሩት በዚያ ሰዓት ሰማይ ላይ ያሉትን ከዋክብት ያሳያል። በጥምቀት ሰሞን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ አሥራ አንድ ዓመት ከሆነው የእኅቴ ልጅ ጋር ግቢ ውስጥ ቆመን ሞከርነው። ኦርዮን የተባለውን የከዋክብት ስብስብ ወዲያው አገኘን፤ ከእርሱ ዝቅ ብላ የምታበራውን፣ በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ደማቋን ሲርየስንም እንዲሁ። ከዚያ ልጁ ከሲርየስ በታች ወደ ደቡብ አመለከተና «ጋሼ፣ ይቺኛዋ እኮ እዚህ ላይ የለችም» አለኝ። ሰሌዳውን በባትሪ እያበራሁ ብፈልግም እውነትም የለችም። ኮከቧ ካኖፐስ ነበረች፤ በድምቀት ከሲርየስ ቀጥላ ሁለተኛ የሆነችው ኮከብ ከሰሌዳው ላይ ጨርሶ አልነበረችም።

ምክንያቱን ያገኘሁት በማግስቱ፣ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነው፤ የተሠራው ለ51 ተኩል ዲግሪ ሰሜን፣ ማለትም ለለንደን ሰማይ ነበር። ጎንደር ያለችው በ12 ተኩል ዲግሪ ገደማ ነው። ለንደን ላይ ካኖፐስ ከአድማስ በላይ ወጥታ አታውቅም፤ እኛ ዘንድ ግን በስተደቡብ እስከ 25 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች ከደቡብ አድማስ በላይ የምናየው የደቡብ መስቀል የተባለው የከዋክብት ስብስብም ከዚያ ሰሌዳ ላይ የለም። በአንጻሩ መጽሐፉ «በሰሜን ሰማይ አጋማሽ ላይ ፈልጓት» የሚላት የሰሜን ኮከብ ጎንደር ላይ ከአድማስ ያላት ከፍታ ክንድን ዘርግተው ከሚለኩት ከአንድ የተጨበጠ እጅ ስፋት ብዙም አይበልጥም፤ የጎረቤት ጣሪያ ወይም አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ይሸፍናታል። መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ የጻፉት በራሳቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ነው። ስለዚህ ከዚህ መደርደሪያ የሰማይ ካርታ የሚገዛ ሰው የሽፋኑን ፎቶግራፍ ከማድነቁ በፊት ያንን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብብ፤ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሰሜን ለሆነ ቦታ የተሠራ ወይም የሰማዩን ሁለት ንፍቀ ክበብ አሟልቶ የያዘ ካላገኘ ይተወው።

ከሰማዩ ሌላ የአየሩም ጉዳይ አለ። እነዚህ መጻሕፍት ሰማዩን እንደ ነጭ መንገድ የሚያቋርጠውን የከዋክብት ጭፍራ፣ ፍኖተ ሐሊብን፣ ለማየት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉትን ሌሊቶች ይመክራሉ፤ ጎንደር ላይ ሐምሌና ነሐሴ የደመናና የዝናብ ወራት ስለሆኑ ምክሩን የተከተለ ሰው የሚያየው ጥቁር ጣሪያ ብቻ ነው። ዝናቡ ወጥቶ አየሩ በሚጠራበት፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ገና ሲመሽ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢመለከቱ የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ ክፍል ገና አልጠለቀም። ይህን የነገረኝ የትኛውም መጽሐፍ አይደለም፤ ወጥቼ ያየሁት ነው።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆኑት መጻሕፍት በሁለት ይከፈላሉ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ወፍራም መጻሕፍትና ወደ አማርኛ የተመለሱ ቀጫጭን ጥራዞች። ከአማርኛዎቹ አንዱን ለተማሪ እንዳይገዙ አጥብቄ እመክራለሁ። ስለ ወቅቶች በሚናገረው ምዕራፍ «ዊንተር» የሚለውን ቃል በየቦታው «ክረምት» ብሎ ተርጉሞ፣ «በክረምት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ይበርዳል» ይላል። የመሬት ዛቢያ 23 ተኩል ዲግሪ ገደማ ማጋደሉ ወቅቶችን እንደሚያመጣ በትክክል ካስረዳ በኋላ በአንድ ቃል ሁሉንም ያበላሸዋል፤ ምክንያቱም የአውሮፓውያን ዊንተር የሚውለው በእኛ በጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። በእኛ ክረምት ፀሐይ ዝቅ ማለቷ ይቅርና በሰኔ መጨረሻ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቡሄ ሰሞን ደግሞ ስትመለስ በቀትር ልክ ከራሳችን በላይ ትቆማለች። ደመናው ባይጋርድ ኖሮ ደብረ ታቦርን የሚያከብር ሰው በስድስት ሰዓት ገደማ የራሱን ጥላ ከእግሩ ሥር ባገኘው ነበር። ተመሳሳዩን በሚያዝያ አጋማሽ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ላይ ተክሎ ማየት ይቻላል። በዚያ ጥራዝ የተማረ ተማሪ ግን በመስኮቱ ከሚያየው ይልቅ የተጻፈውን ያምናል። ሌላኛው ጥራዝ ደግሞ «የብርሃን ዓመት» የሚለውን እንደ ጊዜ ቆጥሮ «ከአራት የብርሃን ዓመት በኋላ» ይላል፤ የብርሃን ዓመት ግን ርቀት ነው፣ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ።

ለልጆች ከተዘጋጁት መካከል ወረቀቱ ወፍራም፣ ሥዕሉ የሚማርክ አንድ መጽሐፍ ገዛሁ፤ ፕሉቶን ዘጠነኛ ፕላኔት ያደርጋል፣ ለሳተርንም 18 ጨረቃዎች ይቆጥርላታል። ፕሉቶ ከፕላኔቶች ተርታ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ የሳተርን የታወቁ ጨረቃዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 274 ደርሷል። ይህ አያስጥለውም፤ እርሳስ ይዞ ከልጁ ጋር ማረም ራሱ ትምህርት ነው። ያናደደኝ ሌላ ነው። ቤት ደርሼ ስከፍተው መሐል ላይ የነበረው ታጣፊ ሥዕል ተቀዶ ወጥቷል። ባለሱቁ ገንዘብ መመለስ ልማዱ እንዳልሆነ ነግሮኝ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በሌላ መጽሐፍ ለወጠልኝ። ስለዚህ ሳይከፍሉ ገጽ በገጽ ይቁጠሩ፤ እርሱም አይከፋውም፣ በርጩማ አቅርቦ ያስቀምጥዎታል።

ከሁሉም የወደድኩት በለውጥ ያገኘሁትን፣ ስለ ጠፈር ጉዞ ታሪክ የሚያወሳውን ትልቅ ጥራዝ ነው። ከመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ከስፑትኒክ እ.ኤ.አ. 1957 ተነሥቶ፣ መጀመሪያ ወደ ጠፈር የወጣውን የጋጋሪንን የ108 ደቂቃ በረራና የአፖሎ 11ን የጨረቃ ጉዞ አልፎ፣ ሰው አልባዋ መንኮራኩር ቮየጀር 2 እ.ኤ.አ. በጥር 1986 በዩራነስ አጠገብ ስታልፍ ያበቃል። የመጨረሻው ገጽ መንኮራኩሯ «በ1989 ኔፕቱን ትደርሳለች ተብሎ ይጠበቃል» ይላል። በኅዳጉ ላይ አንድ የቀድሞ ባለቤት በእርሳስ፣ ጥርት ባለ የአማርኛ እጅ ጽሕፈት «ደረሰች» ብሎ ጽፏል። ቮየጀር 2 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1989 በኔፕቱን አጠገብ ማለፏን በዚያ ዘመን ይህ ሰው ከየት ሰምቶ እንደጻፈ አላውቅም፤ ምናልባት ከሬዲዮ። ይኸው መጽሐፍ ሁለቱ ቮየጀሮች በ55 ቋንቋዎች የተቀዳ ሰላምታ የያዘ የወርቅ ቅብ ሸክላ እንደተሸከሙ ይነግረናል፤ አካድኛና ሱመርኛ ሳይቀሩ አሉበት፣ አማርኛ ግን የለም። ለአዋቂ አንባቢ፣ በተለይም እንግሊዝኛው ለማይከብደው፣ ከዚህ መደርደሪያ የምመክረው ይህን የመሰለ ቀኑ ያለፈ ግን በጥንቃቄ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ታሪኩ ከቆመበት ወዲህ ያለውን ራሱ ይፈልገው።

አንድ ነገር ግን ባለሱቁን ልወቅሰው። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ መጻሕፍትን ከውዳሴ ማርያምና ከገድላት ጋር በመንፈሳዊው መደርደሪያ ላይ ይደረድራቸዋል፤ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ፈልጎ የመጣ ሰው አያያቸውም። ባሕረ ሐሳብ የተመሠረተው 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል ሊሆኑ ጥቂት ብቻ በሚቀራቸው ስሌት ላይ ነው። የ2018 ዓ.ም. ወንበር፣ ማለትም ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዙር ያለውን ቦታ የሚያሳየው ቁጥር፣ 12 ነው፤ በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉት (በ30 አካፍለው ቀሪውን ሲይዙ) የጨረቃን ዕድሜ ማስሊያው አበቅቴ 12፣ በ19 አባዝተው ሲገድፉት የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫው መጥቅዕ 18 ይሆናል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይመጣሉ። ከጓሮዬ ሆኜ የጨረቃን ዕድሜ ከዚህ ስሌት ጋር ያስተያየሁባቸው ምሽቶች ከየትኛውም ባለ ቀለም መጽሐፍ ይልቅ አስደስተውኛል። ስለ ፀሐይ ስድስት የምሥራቅና ስድስት የምዕራብ ደጆች የሚናገረው መጽሐፈ ሄኖክም እዚያው ነው የሚገኘው፤ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ሲሆን፣ ጎንደር ከርሞ የሄደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ አድርሷል። ዓመቱን 364 ቀን ስለሚያደርግ ለዛሬው ቆጠራ አይሆንም፤ ሰማይን በዓይን ብቻ ተመልክተው ሥርዓቱን ለመጻፍ የሞከሩ ሰዎች እንዴት እንዳሰቡ ለማየት ግን ወደር የለውም።

ዋጋው ለጎንደር መካከለኛ ነው፤ እኔ ከ250 እስከ 700 ብር ከፍያለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ በሚቆምበት ቀን ግን ሱቁ ስለሚጨናነቅ መከራከር አይቻልም። ለሐሩር ክልል የተሠራ የከዋክብት ሰሌዳ ከመጣ እንዲያስቀምጥልኝ ለባለሱቁ ስልኬን ትቼለታለሁ፤ ሁለት ወር ሆነው፣ እስካሁን አልደወለም። የእኅቴ ልጅ እስከዚያው በለንደኑ ሰሌዳ ታችኛ ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎ ካኖፐስን በቀይ እስክርቢቶ አስገብቷታል። ቦታዋን ጥቂት ወደ ግራ ስቶታል።