ብረት፣ አሉሚኒየም ወይስ ካርቦን? ለአሮጌ ስፖርት መኪና ሻፍት ስትመርጡ

የአሮጌ ስፖርት መኪና ባለቤት ሻፍት ስለመቀየር የሚያስበው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ያለው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ወይ ደግሞ «ቀላል አሉሚኒየም፣ ተጨማሪ ጉልበት» የሚል ማስታወቂያ ልቡን ወስዶታል። ሻፍት የምለው ከካምቢዮ ተነስቶ፣ በመኪናው ሆድ ስር አልፎ፣ የኋላውን ዲፈረንሻል የሚያዞረውን ረጅም ቱቦ ነው። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄዱትን አጫጭሮቹን አይደለም።

ምርጫው አራት ነው። የፋብሪካውን ሻፍት ማሳደስ፣ አንድ ወጥ የብረት ሻፍት ማሠራት፣ አንድ ወጥ አሉሚኒየም መግዛት፣ ወይም ካርቦን ፋይበር። የኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። አሉሚኒየሙ ጥሩ ዕቃ ነው። ለፈረስ ጉልበት ብላችሁ ከገዛችሁት ግን ይቆጫችኋል። የሚያዋጣው የድሮው ሻፍት አልቆ፣ ገንዘብ ማውጣት የግድ ሲሆን ነው።

ክብደቱ ስንት ያተርፋል?

አሉሚኒየም ከብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው የሚመዝነው። ጥንካሬው ስለሚያንስ ግን ቱቦው ወፈር ያለ ግድግዳና ሰፋ ያለ ዲያሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ሻፍቱ በሙሉ በሦስት እጥፍ አይቀልም። ጥሩ ትርፍ የሚገኘው ባለሁለት ቁራጭ የብረት ሻፍት ከነመሃል ኩሽኔታውና ከነማቀፊያው ወጥቶ በአንድ ወጥ አሉሚኒየም ሲተካ ነው።

5 ኪሎ ቀነሳችሁ እንበል። የቱቦው ግድግዳ ከመሃሉ የሚርቀው 4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር ለማሽከርከር ብዙ ኃይል አይጠይቅም። የዲፈረንሻሉን ሬሾ 3.7 (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሻፍቱ 3.7 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው)፣ የጎማውን ራዲየስ 30 ሴንቲሜትር ብለን ስናሰላ፣ መኪናው ሲፈጥን ያ 5 ኪሎ እንደ 6 ኪሎ ከምናምን ይቆጠራል። አምስቱ ተራ ክብደት ነው። የመሽከርከሩ ትርፍ አንድ ኪሎ ከምናምን ብቻ።

አሁን ከፍላይዊል፣ ማለትም ከሞተሩ ጀርባ ከሚዞረው ከባድ ዲስክ፣ ጋር እናስተያየው። ከመሃሉ 12 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 3 ኪሎ ከፍላይዊሉ ቢነሳ፣ ሬሾው 3.3 በሆነ አንደኛ ማርሽ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ የመቀነስ ያህል ነው። 1 ለ 1 በሆነው ማርሽ ላይ ወደ 10 ኪሎ ይወርዳል። ፍላይዊሉ ከካምቢዮው በፊት ስለሆነ የማርሹ ሬሾ ያባዛዋል። ሻፍቱ ከካምቢዮው በኋላ ስለሆነ ይህን ብዜት አያገኝም። ስለዚህ መኪናው ቶሎ እንዲነሳ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ፍሪሲዮን በሚቀየርበት ቀን ቀለል ያለ ፍላይዊል ማስገባት ይሻላል።

ታዲያ ዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ የሚታየው ጭማሪ ውሸት ነው? ውሸት አይደለም። ብዙዎቹ ዳይኖዎች መኪናው ከባድ ሮለርን ምን ያህል ቶሎ እንደሚያፈጥን አይተው ነው ጉልበት የሚያሰሉት። የሚሽከረከረው ዕቃ ሲቀል ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል። ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነው። በቋሚ ፍጥነት ስትነዱ ልዩነቱ ከሞላ ጎደል የለም።

ከክብደቱ ይልቅ ርዝመቱን ጠይቁ

ማንኛውም ረጅም ቱቦ የሆነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ፣ ሁለት ልጆች እንደሚያዞሩት የዝላይ ገመድ መሃሉ ወደ ውጭ መጉበጥ ይጀምራል። ይህ ወሳኝ ፍጥነት ይባላል። እዚያ ላይ የቆየ ሻፍት ይታጠፋል፤ ወለሉንና ካምቢዮውን ይዞ ሊሄድም ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ የበለጠ ፍጥነት ይችላል» ይባላል። አይደለም። የአሉሚኒየም ግትርነትም ከብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ ሁለቱ ይጣፋሉ። ርዝመታቸውና ዲያሜትራቸው እኩል የሆኑ የብረትና የአሉሚኒየም ቱቦዎች ወሳኝ ፍጥነታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። አሉሚኒየሙን የሚጠቅመው ቱቦው ሰፊ መሆኑ ነው። የሚጎዳው ደግሞ ርዝመት ነው፣ ያውም በካሬው፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ወሳኝ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

በቁጥር እንየው። 89 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ ርዝመቱ 1.2 ሜትር ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ወሳኝ ፍጥነቱ በደቂቃ 10,000 ዙር አካባቢ ነው። 1.5 ሜትር ሲሆን ወደ 6,400 ይወርዳል። 76 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ቱቦ በዚያው 1.5 ሜትር 5,600 አካባቢ ላይ ይቆማል። በተግባር ደግሞ ከወረቀቱ ያንሳል። ስለዚህ ሰፊ መጠባበቂያ መተው ያስፈልጋል።

የናንተ ሻፍት በስንት ይዞራል? 30 ሴንቲሜትር ራዲየስ ባለው ጎማና በ3.7 ሬሾ፣ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ስትነዱ በደቂቃ 3,300 ዙር ገደማ ነው። በ200 ኪሎሜትር 6,500 ይደርሳል። ሬሾውን ወደ 4.3 የቀየረ ሰው በዚያው 200 ላይ 7,600 ያዞረዋል። እንግዲህ ከላይ ካለው 6,400 ጋር አስተያዩት። ፋብሪካው ሻፍቱን ለሁለት የከፈለው ገንዘብ በዝቶበት አይደለም። አጫጭር ሁለት ቱቦዎች ከአንድ ረጅም ቱቦ የበለጠ ፍጥነት ስለሚችሉ ነው። ሻጩ ወሳኝ ፍጥነቱን ሊነግራችሁ ካልቻለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ድምፁስ?

ብዙ ሰው ከገጠመ በኋላ የሚያማርረው በዚህ ነው። በርካታ የአውሮፓ መኪናዎች፣ ለምሳሌ ቢኤምደብሊው ኢ30፣ ካምቢዮውና ሻፍቱ በሚገናኙበት ቦታ ወፍራም የጎማ ዲስክ አላቸው። መሃል ላይ ያለው ኩሽኔታም በጎማ የታቀፈ ነው። እነዚህ ጎማዎች የሞተሩን ምት ይውጣሉ። አንድ ወጥ አሉሚኒየም ሲገባ ሁለቱም ይወጣሉ፤ ቦታቸውን ክሮቼራ (በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ተጣጣፊ የብረት መገጣጠሚያ) ይይዛል። ጋዝ ስትረግጡ መልሱ ፈጣን ይሆናል፣ ይህ እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ግን የካምቢዮው ማርሾች መንኳኳትና የዲፈረንሻሉ ዋይታ ወደ ውስጥ ይገባል። ለውድድር መኪና ምንም አይደለም። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ግን ይሰለቻል።

ማዕዘኑም አለ። ክሮቼራ አጋድሎ ሲዞር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሌላኛው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ይህን የሚያጠፋው የሁለቱ ማዕዘን እኩል ሲሆን ነው። ማለትም የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ መሆን አለባቸው። ባለሦስት መገጣጠሚያ የነበረ መኪና ወደ ሁለት ሲወርድ ይህ ሚዛን ሊፋለስ ይችላል። መኪናው ዝቅ ተደርጎ ከሆነ ይብሳል። «አዲሱ ሻፍት ባላንስ አልተደረገም» ተብሎ ከሚመለሰው ዕቃ ውስጥ ጥፋቱ የማዕዘን የሆነው ጥቂት አይደለም።

የናንተ መኪና የትኛው ናት?

ከ2005 እስከ 2014 የተሠራው ፎርድ ማስታንግ ከባድ ባለሁለት ቁራጭ ብረት ይዞ ስለሚመጣ ለአሉሚኒየም ምቹ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ሻፍቱ ከመጀመሪያውም አጭርና አንድ ወጥ ስለሆነ የምታተርፉት ትንሽ ነው። ኒሳን 350ዜድ እና ማዝዳ አርኤክስ 8 ከፋብሪካ ካርቦን ፋይበር ይዘው ወጥተዋል። እነሱን ወደ አሉሚኒየም መቀየር ለክብደት ተብሎ ከሆነ ትርጉም የለውም። አራተኛው ትውልድ ኮርቬት ደግሞ አሉሚኒየሙ ከፋብሪካ አለው። ፖርሽ 944ን የመሰሉ ካምቢዮአቸው ከኋላ የሆኑ መኪናዎች ሻፍታቸው በወፍራም ቱቦ ውስጥ ታስሮ የሚሄድ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም።

ጥገናና ዕድሜ

እዚህ ብረት ያሸንፋል። ብረት ሲያጥር ይቀጠላል፣ ሲረዝም ይቆረጣል፣ ጥሩ በያጅና ቶርኖ ያለበት ቦታ ሁሉ ይሠራል። አሉሚኒየም ሲበየድ ግን በሙቀቱ የተነካው አካባቢ ጥንካሬው ይቀንሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሻፍት የሚሠራ ባለሙያ ይፈልጋል። ድንጋይ ወይም ያለቦታው የገባ ክሪክ ያጎደጎደው አሉሚኒየም ከነጉድጓዱ መንዳት አይመከርም። ጨው በሚረጭበት መንገድ ላይ ደግሞ ብረቱና አሉሚኒየሙ የሚነካኩበት ቦታ ይበላል። መካኒካችሁ ክሮቼራ በመዶሻ የማውጣት ልማድ ካለው አስቀድማችሁ ንገሩት። ክሮቼራውን የሚይዘው የአሉሚኒየም ጆሮ ምት አይወድም፣ በፕሬስ ነው የሚወጣው።

የፋብሪካውን ማሳደስ ርካሹ መንገድ ነው፣ ከተቻለ። በአንዳንድ ቢኤምደብሊውና ኒሳን ላይ ክሮቼራው በፋብሪካ ተቀጥቅጦ የታሰረ ስለሆነ እንደ ተራ ክሮቼራ አይቀየርም። ሙሉ ሻፍት ግዙ ትባላላችሁ። አሉሚኒየም ምክንያታዊ የሚሆነው ያኔ ነው። አዲስ የፋብሪካ ሻፍት በዋጋ ከአሉሚኒየሙ ላይርቅ ይችላል፤ አሉሚኒየሙ ደግሞ ክሮቼራው የሚቀየር፣ መሃሉ ላይም የሚያልቅ ኩሽኔታ የሌለው ነው። ክሮቼራችሁ የሚቀየር ዓይነት ከሆነና መኪናዋ የመንገድ መኪና ከሆነች ግን አዲስ ክሮቼራ፣ አዲስ የመሃል ኩሽኔታ፣ ባላንስ፣ አለቀ።

አንድ ወጥ ብረትን የምመርጠው ጉልበቱ በጣም ለጨመረ ሞተር ወይም መንገዱ ለከፋበት ሰው ነው። ካርቦን ፋይበር ከሁሉም ቀላል፣ ለክብደቱም ከሁሉም ግትር ነው። ረጅም አንድ ወጥ ሻፍት በከፍተኛ ፍጥነት ማዞር ለሚፈልግ ሰው እውነተኛው መልስ እሱ ነው። ዋጋው ግን ውድ ነው፣ የጭስ ማውጫ ሙቀት አይስማማውም፣ ከተጎዳም አይጠገንም።

ከማዘዛችሁ በፊት

ልኬቱ የሚወሰደው መኪናው በራሱ ጎማ ላይ ቆሞ ነው፤ ኋላው ተንጠልጥሎ የተወሰደ ልክ ያሳስታል። ካምቢዮ ውስጥ የሚንሸራተት ጫፍ ካለው እስከ መጨረሻው ገብቶ መድረቅ የለበትም፣ ወደ 2 ሴንቲሜትር መጫወቻ ይቀርለት። ሰፊው ቱቦ ከእጅ ፍሬን ገመድና ከጭስ ማውጫው ጋር እንደማይነካካ ኋላው ሲወርድም ሲነሳም እዩ። ባላንሱ የተደረገው በስንት ዙር እንደሆነ ጠይቁ፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ብቻ የተደረገ ባላንስ በ6,000 ላይ ስለሚሆነው ብዙ አይናገርም። አንድ ወጥ ሻፍት የፊት ክሮቼራው ቢሰበር መሬት እንዳይመታ የሚይዘው የብረት ቀለበትም አብራችሁ ዘዙ። የሚንሸራተተው ጫፍ ሲወጣ ከካምቢዮው ዘይት ስለሚፈስ፣ ከስሩ ዕቃ አስቀምጡና ሲያልቅ የጎደለውን ሙሉ።